የግብጦው ቀማሽ

ሰው ቤት ተጠርቼ «ግብጦ አልበላም» ስል የማይስቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥለው «አንድ ፍሬ ምን ታደርግሻለች?» ይላሉ። ይባስ ብለው፣ ፊቴን ዘወር ሳደርግ ሽሮው ውስጥ የግብጦ ዱቄት ጣል አድርገው፣ ምን እንደምሆን ለማየት ፊት ለፊቴ ቁጭ የሚሉም አሉ። እነዚህን ሰዎች እጠላቸዋለሁ። በዚህ ዕድሜሽ ቂም መያዝ ነውር ነው ይሉኛል፤ ይበሉኝ። የእነሱ ጉሮሮ ተዘግቶ አያውቅም።

ዛሬ ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ለሌላው ሰው ምግብ የሆነውን የእኔ ሰውነት በጠላትነት ይቀበለዋል። ግብጦ አፌ ከገባ ከንፈሬ ያብጣል፣ ዓይኔ ይደፈናል፣ ቆዳዬ ተንደብድቦ ያሳክከኛል፤ በዛ ካለ ትንፋሼ ያጥራል። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ግን፣ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የእናቴ እንጀራ ደግሞ ግብጦ ነበር።

ግብጦን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በደጋው አገራችን የሚዘራ ጥራጥሬ ነው፤ ጥሬውን የነከሰ ሰው ምሬቱ እስከ ማታ ከአፉ አይለቀውም። ስለዚህ ተቆልቶ ይቀቀልና በስልቻ ታስሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል። ውሃው ቀን ከሌት እያጠበው ምሬቱን ይዞ ይሄዳል። ሲጠራ ገለፈቱ እየተላጠ ከጠላና ከአረቄ ጋር ይቀርባል። በደንብ ያልጠራውን የበላ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። የግብጦ ሻጭ ስሟ ያለው እንግዲህ በአጠባዋ ላይ ነው፤ አንዴ ያልጠራ ሸጠች ከተባለች ገበያ ላይ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

እናቴ ስሟን የምትጠብቀው በእኔ አፍ ነበር። ጨሞጋ ወንዝ ዳር የራሷ ቦታ ነበራት፤ ስልቻውን ከውሃ ስታወጣው አንድ ፍሬ ልጣ ትሰጠኛለች። አኝኬ እውጣለሁ። እሷ ተንበርክካ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሬን ትኩር ብላ ታያለች። ከንፈሬ ያብጣል። «አልጠራም» ትልና ስልቻውን ወደ ውሃው ትመልሰዋለች። ሌሎቹ ሴቶች በአምስት ቀን የሚያወጡትን እሷ ሰባት ቀን፣ ቀጥላም ዘጠኝ ቀን ታቆየው ጀመር። ራሷ ስትቀምሰው አይመርም፤ ጎረቤቶቿ ሲቀምሱት አይመርም። «የእናንተ ሆድ የለመደ ነው» ትላቸዋለች፤ «የልጅ ሆድ ነው የሚያውቀው።» ከራሷ ምላስ ይልቅ የእኔን ከንፈር ታምን ነበር። ከዘጠኝ ቀን በላይ ካደረ ስለሚሸት ግን፣ በዘጠነኛው ቀን እኔ ባብጥም ባላብጥም፣ እየፈራች ወደ ገበያ ትወስደዋለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእሷ ግብጦ የሚጥም አልነበረም። ሰዎች ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋለች፤ በትሕትና ይመስላቸው ነበር።

እንዲህ ስናገር ዛሬም አንጀቴ ያርራል። ስንት ጊዜ ነው ያበጥኩት? አንድም ቀን «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» አላለችም። የምትጠይቀው ስለ ግብጦው ነበር። እጆቿም ግብጦ ግብጦ ይሸቱ ስለነበር ፊቴን ከዳሰሰችኝ ጉንጬ ሽፍ ይላል። «ምሬቱ እጄ ውስጥ ገብቷል» ብላ ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጇ የነካችኝን ጊዜ አላስታውስም።

አባቴ ጣሊያን በገባ ማግስት ዱር ከገቡት አርበኞች ጋር ሄዷል። የምሽጉ ሰዎች ይህን አያውቁም፤ የገበያው ሰው ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ጥሬውን ግብጦ ከመንደሯ ከሮብ ገበያ በአህያ ጭና የምታመጣልን የአባቴ እህት ነበረች። እናቴን አትወዳትም፤ እኔንማ ጭራሽ። ማበጤን ስታይ «እመቤቲቱ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነች?» ትላለች። «ጥጋብ ነው። አንድ ሳምንት በረሀብ ብትቀጣ ስልቻውንም ጭምር ትበላው ነበር።» አፏ እሳት ነበር።

ከምሽጉ በታች ካለው መንገድ ዳር አንድ አረቄ ቤት ነበር፤ የሚጠጡበት አስካሪ የሚባሉት፣ ከቅኝ አገሮቹ የመጡ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ባለቤትየዋ ግብጦ የምትወስደው ከእናቴ ነው። አንድ የገበያ ቀን ገና በጠዋቱ ሰው ላከችብን፤ አስካሪዎቹ በዓል አላቸው፣ ያለውን ሁሉ ይዘሽ ነይ ብላ። ስልቻው ውሃ ውስጥ ከገባ ገና ስድስት ቀኑ ነው። እናቴ ወንዝ ወርዳ አወጣችው፤ እንደ ልማዷ አንድ ፍሬ ሰጠችኝ። የዚያን ዕለት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ክፉኛ አበጥኩ፤ አንድ ዓይኔ ተደፈነ። «አልጠራም» አለች። ስልቻውን ወደ ውሃው ለመመለስ እጇን ሰነዘረችና ቆመች። ሽቅብ ወደ ምሽጉ አየች።

«ለነሱ ይበቃቸዋል» አለች፤ አፉን ቋጥራ ተሸከመችው።

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያልጠራ መሆኑን አምና፣ እያወቀች ነው የወሰደችው። ባለ አረቄዋ ሁለት ቁና ሙሉ ወሰደች፤ የተረፈውን እናቴ በቅርጫት አድርጋ ገበያው መሀል ተቀመጠች። አክስቴ ከጎኗ ጌሾ ዘርግታ ነበር። እኔ ያበጠ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ከቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ሲበረታ ከአረቄ ቤቱ ጩኸት ተሰማ። አንድ አስካሪ ሲያስመልሰው ቆይቶ ወድቋል። ከማለዳ ጀምሮ በባዶ ሆዱ ሲጠጣ የዋለ ሰው መሆኑን በኋላ ሰምተናል፤ ያን ሰዓት ግን የሚወራው ግብጦው መርዞታል የሚል ብቻ ነበር። የአስካሪዎቹ አለቃ ሦስት ጠመንጃ ያዦች አስከትሎ መጣ። ባለ አረቄዋ ከኋላው ሆና ጣቷን ቀሰረች፤ «ይቺ ናት! እኔ የለሁበትም፣ ከእሷ ነው የገዛሁት!» ስንት ዓመት የእናቴን ግብጦ እየሸጠች የኖረች ሴት! ነፍሷን አይማረው ብል ነውር ነው፤ ግን ብዬዋለሁ።

«መርዝ ነው ያበላሽው» አለ አለቃው። «ማነው የላከሽ? ዱር ያሉት ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም ጌታዬ። ግብጦ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚበላው ነው።»

ሰውየው ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አደረገውና እኔን አየኝ። ፊቴ ስለተሸፈነ እብጠቱን አላየውም። ከቅርጫቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወደ እኔ ዘረጋ።

«ንጹሕ ከሆነ ልጅሽ ትብላው» አለ።

እኔ እናቴን አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም።

«ልጄ አይደለችም» አለች። «የሰው ልጅ ናት። የሰው ልጅ አፍ ላይ ምንም አላደርግም። እኔው ልብላው።»

«የማን ናት?»

ማንም አልተነፈሰም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግማሹ የክርስትናዬን ድግስ የበላ ነው። ከጎን በኩል የአክስቴ ድምፅ ወጣ፤ «የእኔ ናት» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ጌሾ ልታሸክመኝ ነው የመጣችው። ምን አድርጉ ነው የምትሉን?»

አለቃው እፍኙን ወደ እናቴ አዞረው። እናቴ ተቀብላ በላች። ሌላ እፍኝ ሰጣት፤ በላች። ገለፈቱን ለመላጥ እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። ቅርጫቱ ሲጋመስ ላብ ከግንባሯ ይንጠባጠብ ነበር፤ ግን አላቆመችም። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ጠበቋት። ጥላው ዞረ። ምንም አልሆነችም። አረቄ ቤት የወደቀውም ሰው ነቅቶ ውሃ ጠየቀ አሉ። አለቃው ተሳድቦ ሄደ፤ ሲሄድም «በሚቀጥለው ገበያ እዚሁ ላግኝሽ፤ ባላገኝሽ የዱር ሰዎች መሆንሽን አወቅሁ ማለት ነው» አላት።

የዚያን ዕለት ያልገባኝ ነገር አለ። እናቴ እያንዳንዱን ፍሬ የዋጠችው መርዝ ነው ብላ ነው። ጠዋት የእኔ ከንፈር የነገራት እንደዚያ ነበር። እኔ በልቼ አለቃው ፊት ባብጥ ሁለታችንም አልቆልን ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጣራም አባቴ ጋ ይደረስ ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሰማሁት «ልጄ አይደለችም» የሚለውን ብቻ ነው።

ውሸቱ አንዴ ከተነገረ መኖር ነበረበት። አለቃው ገበያ በመጣ ቁጥር እናቴን ያያታል፤ ከእሷ ጋር እኔን ካየ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። በዚያው ቀን አክስቴ በአህያዋ ወደ ሮብ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ከከተማው መውጫ ላይ እናቴ ደረሰችብን። አልሳመችኝም። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት ሳይሆን ግርምት ነበር።

«እስከ ጉሮሮዬ በላሁት እኮ» አለች። «ምንም አላደረገኝም። ግብጦው ጠርቶ ነበር። ድሮም የጠራ ነበር ማለት ነው።» ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ነገሩ አንቺ ነሽ።»

አስቡት እንግዲህ። ጠዋት ካደችኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ጥፋቱ የአንቺ ነው አለችኝ። ለአክስቴ «እባክዎ አንድ ፍሬ እንዳያቀምሷት፤ በዕቃው እንኳ እንዳይነካካባት» ስትላት ሰምቻለሁ፤ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ነበር የያዘው። ከኋላዋ «እትዬ፣ ደህና ይሁኑ!» ብዬ ጮህኩባት፣ ለባዕድ ሴት እንደሚባለው። እንዲያማት ብዬ ነው። አሟታልም መሰለኝ፤ አልዞረችም።

አክስቴን በሰው ፊት «እማዬ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ይቆረቁረኝ ነበር። ቤቷ ደግሞ በግብጦ የተሞላ ነው፤ በጎተራ ግብጦ፣ በቁና ግብጦ፣ በልጆቿ ኪስ ግብጦ። እናቴ ያለቻትን ነገር አክስቴ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ሳታውቀው ከበላችው ምንም አትሆንም፤ ስታውቅ ነው የምታብጠው» ትላለች ለጎረቤቶቿ። በዐቢይ ጾም ሽሮው እያነሰ ሲሄድ የጠራ ግብጦ አስፈጭታ ቀላቀለችበት፤ ለእኔ ሳትነግር። ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን።

ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ምላሴ ወፈረብኝ። ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘው። ለመጮህ ብሞክር የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ የማስመስል መስሏት። ከንፈሬ ሲጠቁር አይታ ግን ገበታውን ገልብጣ ተነሣች። ጣቷን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትታ አስመለሰችኝ፤ ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫዬ አንጠባጠበች፤ ደጅ አውጥታ በጀርባዬ እየመታች «ተንፍሺ! ተንፍሺ አንቺ ልክስክስ!» እያለች አለቀሰች። ያስመለስኩት አዳነኝ፣ ዳማከሴው አዳነኝ ወይስ ዕድሜዬ ሆኖ፣ እንጃ። ብቻ ተነፈስኩ።

ይቅርታ የሚባል ከአፏ አልወጣም። «እኔ ምን አውቄ?» ነበር ያለችው። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ለእኔ ብቻ የምትሠራበት ትንሽ ድስት ገዛች፤ ማማሰያዋንም ለብቻ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ልጆቿ ግብጦ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ከነኩኝ በአርጩሜ ታስተምራቸዋለች። ማኅበር ላይ ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲሰነዝር ከወዲያ ማዶ «ኧረ እጅህን! ምን ስትበላ ነበር?» ብላ ትጮሃለች። ሰው ያፍራል፣ እኔ አፍራለሁ፣ እሷ አታፍርም። ከእሷ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተስማምተን አናውቅም፤ ግን ሳልጠይቅ አለመብላትን፣ አሽትቶ መተውን፣ የራሴን ገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ ግብዣ መሄድን ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ይናቁሽ» ትለኝ ነበር፤ «የሚናቅ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል።»

እናቴ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ረቡዕ ለገበያ ስትመጣ ጥሬ ግብጦ ልትወስድ አክስቴ ቤት ትደርስ ነበር። ግብጦ መሸጡን ማቆም አልቻለችም፤ ብታቆም አለቃው ይጠረጥራል፣ ሌላም የምትበላው የላትም። ስትመጣ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ትቆማለች፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ። አትስመኝም፣ አትዳስሰኝም። «ደህና ነሽ?» ትላለች። «ደህና ነኝ እትዬ» እላታለሁ። ሰው በሌለበትም ጊዜ «እትዬ» እላታለሁ። አንድ ቀን አክስቴ በጥፊ መታችኝ። «ሰው ሲኖር ነው ያልንሽ!» አለችኝ። እኔ ግን አልተውኩም። በዚያው ጊዜ አባቴ መሞቱን ሰማን፤ እናቴ መርዶውን ልትነግረኝ የመጣች ዕለት እንኳ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ አለቀሰች። ሰው አባቷ የሞተባትን ልጅ አያቅፍም? ያን ዕለት ፈጽሜ ጠላኋት።

ከዚያ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቀቀ የሚል ወሬ መጣ። እልልታው ከመንደር መንደር እያስተጋባ ሮብ ገበያ ደረሰ። በየዘመዱ ተሸሽጎ የነበረ ሰው በዚያው ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ልብሴን ቋጥሬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ጎረቤቶቻችን ከደብረ ማርቆስ እየተመላለሱ «እናትሽን አየናት፣ ደህና ናት» ይሉኛል። ደህና ከሆነች ምን አስቀራት? አክስቴ «ትመጣለች» ትላለች፤ በኋላ እሷም ዝም አለች። ቀኑን እቆጥር ነበር። ዘጠኝ ቀን። በዘጠነኛው ቀን ቋጠሮዬን ፈታሁት።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት መጣች። አህያ አልያዘችም፣ ስልቻ አልያዘችም። ደጃፉ ላይ ስትደርስ እንደ ወትሮው አልቆመችም፤ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ነይ የኔ ልጅ፤ ወደ ቤት እንሂድ» አለች።

«ልጅሽ አይደለሁም» አልኳት። «የሰው ልጅ ነኝ።»

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደተለማመድኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሏ ፊቷ ላይ ስታርፍ አየሁ፤ ደስም አለኝ። እሷ ግን ተንበረከከችና እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ ጣቶቿ መሀል ተሰነጣጥቆ ደም አርግዟል። ወደ ጉንጬ ዘረጋችው። እንዳትነካኝ ብዬ ነከስኳት፤ በሙሉ ጥርሴ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ።

እጇን አልመለሰችም። አፌ ውስጥ ተወችው። የእንዶድና የአመድ ጣዕም አለው፣ ከዚያም የደም።

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበርሽ?» አለች አክስቴ ከበሩ ላይ።

«ወንዝ ነበርኩ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል። «ስልቻውን ጣልኩት። እጄን በእንዶድ ሳጥብ ነው የሰነበትኩ። ከእንግዲህ ጥጥ እፈትላለሁ።»

ሌላውን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድሮ ወንዙ ዳር እንደምታደርገው ከንፈሬን ትኩር ብላ ታይ ነበር። አክስቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ሦስታችንም ጠበቅን። የዚያን የገበያውን ቃል ቂም እስከ ዛሬ አልለቀቅኩም፤ ለእሷም በሕይወት ሳለች ነግሬያታለሁ። ያን ጠዋት ግን ጥርሴን ከእጇ ላይ አላቅቄ፣ ከንፈሬን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ቆይቼ ደግሜ ዳሰስኩት። አላበጠም።